ሰው ሠራሽ ሜዳ፣ ተጠባባቂ ቡድንና የተጫዋቾች ጉዳት

ከጉዳት ያገገመ ተጫዋች ለዋናው ቡድን መድረስ አለመድረሱ ብዙውን ጊዜ የሚለየው በተጠባባቂው ቡድን ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ሮጦ፣ ታግሎና ኳስ ነክቶ ከወጣ በኋላ አሠልጣኙና የቡድኑ ሐኪም ተነጋግረው ይወስናሉ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ሳይነሣ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ ጨዋታው የተካሄደው በምን ዓይነት ሜዳ ላይ ነበር?

ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለም። በበርካታ አገሮች ዋናው ቡድን በተፈጥሮ ሣር ላይ ሲጫወት ታዳጊዎቹና ተጠባባቂዎቹ አብዛኛውን ልምምዳቸውን የሚያደርጉት በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው። ሜዳው ደግሞ የጨዋታውን መልክም የሚደርሰውን ጉዳት ዓይነትም ይቀይራል። በመሆኑም በአንዱ ሜዳ የታየ ብቃት በሌላው ላይ ይደገማል ብሎ መውሰድ ተጫዋቹንም ክለቡንም ሊያስከፍል ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተጠባባቂ ቡድን ለምን ያስፈልጋል?

በእኛ አገር ተስፋ ቡድን ወይም ሁለተኛ ቡድን እየተባለ የሚጠራው ተጠባባቂ ቡድን ሦስት ዓይነት ተጫዋቾችን ያስተናግዳል። የመጀመሪያዎቹ ከታዳጊ ቡድን አድገው ዕድላቸውን የሚጠባበቁ ወጣቶች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ከዋናው ቡድን አሰላለፍ የወጡ ነባር ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ ሦስተኛዎቹ ከጉዳት ተመልሰው የጨዋታ ብቃት የሚፈልጉ ናቸው። የተጠባባቂ ቡድን ውጤት ከሳምንት ሳምንት የሚዋዥቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ሦስት ነባር ተጫዋቾች ተሰልፈው 4 ለ 0 ያሸነፈ ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት በ17 ዓመት ልጆች ተሞልቶ ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኞች ከደረጃ ሠንጠረዡ ይልቅ የእያንዳንዱን ተጫዋች ወቅታዊ አቋም ይመለከታሉ።

በእንግሊዝ የዚህ ውድድር ታሪክ ረጅም ነው። ሴንትራል ሊግ የተጀመረው በ1911 ነበር። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ተጠባባቂዎች ከ1999 እስከ 2012 የራሳቸው ሊግ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ቦታውን ዕድሜን መሠረት ያደረገ ውድድር ተክቶታል፤ ይህም ከ2016 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊግ 2 ይባላል። በ2012 ሥራ ላይ የዋለው የአካዳሚዎች ደንብ ደግሞ አንደኛ ምድብ የሚሰጠው አካዳሚ መብራት ያለው ሰው ሠራሽ ሜዳና ጣሪያ ያለው የልምምድ ሜዳ እንዲኖረው ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር፣ የነገው የዋናው ቡድን ተጫዋች ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ሠራሽ ሣር የሚለማመድበት ሥርዓት በደንብ ተዘርግቷል።

ሦስቱ ትውልዶች

ሰው ሠራሽ ሣር ታዋቂ የሆነው በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ በሚገኘው አስትሮዶም ስታዲየም ነው። በ1965 የተከፈተው ይህ ጣሪያ ያለው ስታዲየም በመጀመሪያ የተፈጥሮ ሣር ነበረው። ይሁን እንጂ በጣሪያው የሚገባው ብርሃን የቤዝቦል ተጫዋቾችን ዓይን በማስቸገሩ ጣሪያው ቀለም ተቀባ፣ ሣሩም ብርሃን አጥቶ ደረቀ። በ1966 በምትኩ የተነጠፈው ምርት አስትሮተርፍ የሚለውን ስያሜ ያገኘው ከዚሁ ስታዲየም ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ምንጣፍ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ወለል ጠንካራ በመሆኑ ኳሱ ከልክ በላይ ይነጥር ነበር። ሁለተኛው ትውልድ በክሮቹ መካከል አሸዋ የተሞላበት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ግን ረዘም ያሉ ለስላሳ ክሮች ያሉት ሲሆን፣ በመካከላቸው አሸዋና ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ጎማ የሚፈጭ የጎማ ፍርፋሪ ይሞላበታል። ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ ሜዳ ሲወራ በአብዛኛው የሚወራው ስለዚህ ነው። ፊፋ የጥራት መመዘኛውን በ2001 ያስተዋወቀ ሲሆን፣ በ2004 ሰው ሠራሽ ሜዳ በጨዋታ ሕጉ ውስጥ ተካቷል። የአውሮፓው ማኅበር ዩኤፋም ከ2005/06 የውድድር ዘመን ጀምሮ ፈቅዶታል።

ከዚህ መለየት ያለበት ቅይጥ ሜዳ የሚባለው ነው። በዚህ ሜዳ ላይ የሚበቅለው የተፈጥሮ ሣር ሲሆን፣ ሥሩን ለማጠናከር የፕላስቲክ ክሮች ወደ አፈሩ ውስጥ ይሰፋሉ። የክሮቹ ድርሻ ከሜዳው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ታላላቆቹ የእንግሊዝ ክለቦች የሚጫወቱት በአብዛኛው በዚህ ላይ ነው።

በፕላስቲክ ላይ የታየ ብቃት

ሜዳ ውጤትን ምን ያህል እንደሚቀይር ለማየት የእንግሊዝ የ1980ዎቹ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ በ1981፣ ሉተን ታውን በ1985፣ ኦልድሃም አትሌቲክና ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ በ1986 ሰው ሠራሽ ሜዳ አነጠፉ። በየካቲት 1990 በሊግ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ኦልድሃም በራሱ ሜዳ ዌስትሃምን 6 ለ 0 አሸነፈ። በመልሱ ጨዋታ በተፈጥሮ ሣር ላይ ዌስትሃም 3 ለ 0 አሸንፏል። በእርግጥ አንድ ጨዋታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስድስት ጎል የገባበት ቡድን በመልሱ የሚጫወተው ለክብሩ ነው፣ ስድስት ያገባውም ራሱን ይቆጥባል። ሆኖም ባርኔትና ሂልዲች የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 ባወጡት ጥናት ሰው ሠራሽ ሜዳ ያላቸው የእንግሊዝ ክለቦች በሜዳቸው ከሌሎች የበለጠ ብልጫ እንደነበራቸው አሳይተዋል። ሜዳዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው የመጨረሻው፣ የፕሬስተን ሜዳ፣ በ1994 ተነሥቷል።

በሦስተኛው ትውልድ ላይም ልዩነቱ ጨርሶ አልጠፋም። በ2008 የታተመ የስዊድን ተጫዋቾች ጥናት እንዳሳየው በሁለቱ ሜዳዎች ላይ የተሮጠው ርቀት ተመሳሳይ ቢሆንም፣ በሰው ሠራሹ ላይ ሸርተቴ መውረድ ቀንሷል፣ አጫጭር ቅብብሎችም ጨምረዋል። ወንዶቹ ተጫዋቾች ኳስ መቆጣጠር እንደከበዳቸውና የበለጠ እንደደከማቸው ተናግረዋል። እንግዲህ በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ በተካሄደ የተጠባባቂዎች ጨዋታ አንድ ተከላካይ ሸርተቴ ሳይወርድ፣ አንድ አማካይ ደግሞ በአጫጭር ኳሶች ደምቆ ቢታይ፣ የታየው ብቃት የተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን የሜዳውም ጭምር ሊሆን ይችላል።

ጥናቶች ስለ ጉዳት ምን ይላሉ?

ብዙ ተጫዋቾች ሰው ሠራሽ ሜዳ ጉዳት ያበዛል ብለው ያምናሉ። የጥናቶቹ መልስ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

በስዊድናዊው ሐኪም ያን ኤክስትራንድ የተመራውና በ2006 የታተመው ጥናት ሰው ሠራሽ ሜዳ ያነጠፉ 10 የአውሮፓ ክለቦችን ተከታትሏል። በጥቅል የጉዳት ብዛት ላይ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። የጉዳቱ ዓይነት ግን ተለያይቷል። በ1000 የጨዋታ ሰዓት የቁርጭምጭሚት ወለምታ በሰው ሠራሽ ሜዳ 4.83፣ በተፈጥሮ ሣር 2.66 ሆኖ ተመዝግቧል። በአንጻሩ የጡንቻ ጉዳት በሰው ሠራሹ ሜዳ ያነሰ ነበር።

በኖርዌይ ከ17 ዓመት በታች በሆኑ ከ2000 በላይ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተደርጎ በ2007 የታተመው ጥናትም ጥቅል ልዩነት አላገኘም። ይሁን እንጂ በጨዋታ ወቅት የደረሱት ከባድ ጉዳቶች በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ እጥፍ ያህል ነበሩ። በ2022 የወጣው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በሰው ሠራሽ ሜዳ የእግር መዳፍና የቁርጭምጭሚት ጉዳት ከፍ እንደሚል ሲያመለክት፣ በ2023 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ በእግር ኳስ ጥቅል የጉዳት መጠኑ በሰው ሠራሹ ጥቂት ያነሰ መሆኑን አስቀምጧል። ሁለቱ የሚጋጩ ቢመስሉም የለኩት አንድ ነገር አይደለም፤ የጉዳት ድምር ቀንሶ የአንድ ዓይነት ጉዳት ድርሻ ሊጨምር ይችላልና።

ስለ ተጠባባቂዎች ስናስብ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው በስዊድንና በኖርዌይ ከፍተኛ ሊጎች ላይ ተሠርቶ በ2013 የታተመው ጥናት ነው። ተጫዋቾቹ በሁለቱ ሜዳዎች ላይ ያሳለፉት ሰዓት ሲነጻጸር ድንገተኛ ጉዳቱ ተቀራራቢ ነበር። ነገር ግን የቤት ሜዳቸው ሰው ሠራሽ የሆነ ክለቦች በልምምድ ላይ የሚደርስ ድንገተኛ ጉዳትም ሆነ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ ጉዳት በዝቶባቸው ተገኝቷል። ከዚህ የምንረዳው አደጋውን በአንድ ጨዋታ ብቻ መለካት እንደማይበቃ ነው። ጫናው በወራት ልምምድ ሊጠራቀም ይችላል፤ በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ረጅም የልምምድ ሰዓት የሚያሳልፉት ደግሞ ታዳጊዎቹና ተጠባባቂዎቹ ናቸው።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

ዋናው ጉዳይ ታኬታው ከሜዳው ጋር የሚፈጥረው መያያዝ ነው። ተጫዋቹ በፍጥነት ሲዞር በተፈጥሮ ሜዳ ላይ ሣሩ ተነቅሎ ወይም አፈሩ ተፈንቅሎ እግሩን ይለቅቀዋል። በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ግን የሚነቀል ነገር የለም። እግሩ ባለበት ተይዞ ሰውነቱ ሲዞር ኃይሉ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ጉልበት ጅማቶች ይሄዳል። በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ከ2012 እስከ 2016 የተደረጉ ጨዋታዎችን የመረመረ ጥናት በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ የታችኛው የሰውነት ክፍል ጉዳት 16 በመቶ፣ ንክኪ የሌለበት ጉዳት ደግሞ 27 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ጨዋታው ከእኛው እግር ኳስ ቢለይም የአደጋው መንገድ ይኸው ነው።

ሌላው የሜዳው መጠጠር ነው። የጎማ ፍርፋሪው በአንድ ቦታ ሲከማች ወይም ሲጠፋ ወለሉ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ድንጋጤውንም የሚሸከሙት የተረከዝ ጅማት፣ ጉልበትና ወገብ ይሆናሉ። በዚህ ረገድ ቲዬሪ ሄንሪ የሚጠቀስ ነው። ከ2010 እስከ 2014 በኒውዮርክ ሬድ ቡልስ ሲጫወት በተረከዝ ጅማቱ ችግር ምክንያት በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ የሚደረጉ ጨዋታዎችን ይተው ነበር። በ2014 የመጨረሻ ጨዋታው ግን በኒው ኢንግላንድ ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ተሰልፏል።

በተጨማሪም ሸርተቴ ሲወረድ ቆዳ ይላጣል። በፀሐያማ ቀን የሰው ሠራሹ ሜዳ ገጽ ከተፈጥሮ ሣር እጅግ የበለጠ ይግላል፤ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የተለካበት ጊዜ አለ።

የማኅበራትና የሊጎች ውሳኔ

ዓለም አቀፉ አቋም አንድ ወጥ አይደለም። ሞስኮ በ2008 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜን ስታስተናግድ የሉዥኒኪ ሰው ሠራሽ ሜዳ ለጨዋታው ሲባል በተፈጥሮ ሣር ተተክቷል። በአንጻሩ በ2015 በካናዳ የተካሄደው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ነበር። አቢ ዋምባክን ጨምሮ የታወቁ ተጫዋቾች ይህ በወንዶች ዓለም ዋንጫ ያልተደረገ አድልዎ ነው ብለው በ2014 ክስ አቅርበው፣ በጥር 2015 አንሥተውታል። ለ2026 የወንዶች ዓለም ዋንጫ ፊፋ ሁሉም ስታዲየሞች የተፈጥሮ ሣር እንዲኖራቸው ወስኗል። የኔዘርላንድስ ከፍተኛ ሊግ ከ2025/26 ጀምሮ ሰው ሠራሽ ሜዳን ሲከለክል፣ የስኮትላንድ ፕሪሚየርሺፕ ክለቦችም በ2024 ከ2026/27 ጀምሮ እንዲቀር ድምፅ ሰጥተዋል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በ2023 ባወጣው ደንብ የጎማ ፍርፋሪ ሽያጭ ከጥቅምት 2031 በኋላ እንዲቆም አድርጓል፤ ምክንያቱ ግን የተጫዋቾች ጉዳት ሳይሆን የአካባቢ ብክለት ነው።

የሊጎቹ እገዳዎች የሚመለከቱት ዋናውን ቡድን ነው። ታዳጊውና ተጠባባቂው በሚለማመድበት ሜዳ ላይ የተባለ ነገር የለም።

እኛስ?

ለአፍሪካ ሰው ሠራሽ ሜዳ እንግዳ አይደለም። ፊፋ ከደቡብ አፍሪካው የ2010 ዓለም ዋንጫ በፊት በ2006 በጀመረው መርሐ ግብር ለአህጉሪቱ አገሮች ሰው ሠራሽ ሜዳ ለማንጠፍ ተንቀሳቅሷል። በአዲስ አበባም በየሰፈሩ እንዲህ ያሉ ሜዳዎች ተስፋፍተው ከሥራ በኋላ የሚጫወተው ባለሙያ ሳይቀር ይገለገልባቸዋል። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ በክረምት ጭቃ አይሆኑም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቢረገጡም ቶሎ አይመለጡም። አማራጩ ድንጋያማ አቧራ ሜዳ በሆነበት ቦታ ሰው ሠራሹን ማጣጣል ፍትሐዊ አይሆንም።

ጥንቃቄው ግን ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ሜዳው በየጊዜው መቦረሽና የጎደለው ፍርፋሪ መሞላት አለበት። የፊፋ ከፍተኛው የጥራት ማረጋገጫ እንኳ የሚያገለግለው ለ1 ዓመት፣ ቀጣዩ ደግሞ ለ3 ዓመት ብቻ ነው፤ ይህም የተነጠፈ ሜዳ ሁሌም እንደተነጠፈ እንደማይቆይ ያሳያል። ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ከሣር ጋር ይሂድ፤ ለሰው ሠራሽ ሜዳ ብዙና አጫጭር ጥርሶች ያሉት ጫማ ይመረጣል። በቀትር ፀሐይ ከመጫወት ማለዳንና ምሽትን መምረጥም ይጠቅማል።

ለክለቦች ደግሞ ዋናው ነገር መመዝገብ ነው። የቡድኑ ወጌሻ እያንዳንዱ ተጫዋች በየትኛው ሜዳ ላይ ስንት ሰዓት እንዳሳለፈና ጉዳቱ የት እንደደረሰበት ቢጽፍ፣ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ክለቡ በወሬ ሳይሆን በራሱ መረጃ መነጋገር ይችላል። ከጉልበት ወይም ከቁርጭምጭሚት ጉዳት የሚመለስ ተጫዋችም የመጀመሪያ ሙሉ ጨዋታውን የሚያደርገው በዋናው ቡድን በሚሰለፍበት ዓይነት ሜዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ከተጠባባቂው ወደ ዋናው ቡድን የሚያድግ ወጣትም ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ጥቂት የልምምድ ቀናት ሊሰጡት ይገባል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ የመጣለትን ዕድል ባልለመደው ሜዳ ላይ በደረሰ ወለምታ ማጣት የለበትምና።