ስልስ

ስልስ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከዘይት የሚሠራ፣ በዳቦ ወይም በእንጀራ የሚበላ ቀላል የጾም ወጥ ነው። ዋና ግብአቱ ቲማቲም መነሻው አሜሪካ ሲሆን ወደ አውሮፓ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን በስፔናውያን በኩል ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም በወይራ ዘይት በስለው ለሌላ ምግብ መነሻ የሚሆኑበት የስፔኑ ሶፍሪቶ በአሠራር ከስልስ ጋር በጣም ይቀራረባል።

ስልስ ሲሠራ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍና እስኪለሰልስ ይቁላላል፤ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይከተላሉ፤ ከዚያ የተከተፈ ቲማቲም ይጨመራል። በርበሬ የሚገባው እንደ ቤቱ ልማድ ነው። ወሳኙ ደረጃ የመጨረሻው ነው፦ ቲማቲሙ ውሃውን ጨርሶ ዘይቱ ከላይ እስኪታይ ድረስ በቀስታ መብሰል አለበት። ቀድሞ የወጣ ስልስ ይቀጥናል፣ ይጎመዝዛልም። ቃሪያ ሊወጣ ሲል ይገባል። ጥሬ ቲማቲም ከእንጀራ ጋር የሚፈተፈትበት የቲማቲም ፍትፍት ግን ሌላ ምግብ ነው።

ስልስ ለብቻው ከመቅረቡ ሌላ ለድንች፣ ለካሮት፣ ለምስርና ለፓስታ መነሻ ይሆናል፤ እንጀራ ሲገባበት የጾም ፍርፍር ይወጣዋል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ይዘወተራል።

እንደ ወረኢሉ ባለው የደቡብ ወሎ ደጋ ባቄላ፣ ምስርና ስንዴ የአገሩ ሰብል ናቸው። ለስልስ የሚያስፈልገውና ውርጭ የማይችለው ቲማቲም ግን በብዛት የሚመረተው በቆላና በወይና ደጋ መስኖ ነው።