በቀን አንድ ጊዜ መውጣት፤ በእንግሊዝ አገር በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ስለ ሰውነት ማፍታታት የወጣው ገደብና የሕዝቡ ታዛዥነት

በደኅናው ዘመን ሰው ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ለመንሸራሸር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጧት ስንት ጊዜ እንደ ሮጠ፣ ከማን ጋር እንደ ሮጠ፣ ከደጃፉ ምን ያህል እንደ ራቀ የሚቈጥርበት ሹም የለም። በአውሮጳ አቈጣጠር በ2020 የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በተስፋፋ ጊዜ ግን፣ የዜጎችን ነጻነት በማክበር የሚታወቁ መንግሥታት ይህንኑ ቈጥረው ወሰኑ። በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብም ታዘዘ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው ይህን ነገር ነው፤ ይኸውም ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ገደብ ስለ ምን ተቀበለ? መቀበሉ የላላውስ መቼና በምን ምክንያት ነው? የሚለውን ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው የእንግሊዝን አገር ነው። የመረጥንበትም ምክንያት በዚያ አገር ሹማምንት በአፍ የተናገሩትና በሕግ የተጻፈው ልዩነት ስለ ነበረው፣ ታዛዥነት ከቅጣት ፍርሃት የመጣ መሆኑንና አለመሆኑን ለይቶ ለማየት ስለሚያመች ነው። ለንጽጽር ያህል ፈረንሳይንና እስፓንያን እናነሣለን። በጽሑፉ የሚገኙት ቀኖች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ማርች 23 ቀን 2020 ማታ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። ንግግራቸውን ከ27 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተመልክቶታል። ለመውጣት ከተፈቀዱት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ሰውነትን ማፍታታት ነበር፤ ይኸውም በቀን አንድ ጊዜ፣ በእግር በመሄድ ወይም በመሮጥ ወይም በብስክሌት፣ ብቻን ወይም ከቤተ ሰብ ጋር እንዲሆን ተባለ። የገደቡ ዓላማ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፍና ሆስፒታሎች ከዐቅማቸው በላይ በሕመምተኛ እንዳይጨናነቁ ነበር። የሰውነት ማፍታታት ፈቃድ የቀረውም፣ ለሳምንታት በቤት የሚዘጋ ሰው አካሉም መንፈሱም እንዳይጐዳ በማሰብ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ትእዛዙ የተነገረው ማርች 23 ሲሆን፣ ሕጉ የወጣውና የጸናው ማርች 26 ነው። እንግዲህ በመካከሉ ባሉት ቀናት ፖሊስ ከቤቱ የወጣውን ሰው የሚቀጣበት ደንብ ገና አልነበረውም። እንዲህም ሆኖ ጐዳናዎች ወዲያው ባዶ ሆኑ፤ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪም ብዙ ሳይቈይ ከወትሮው ከመቶ 10 እጅ በታች ወረደ። የመጀመሪያው ታዛዥነት ሕግን የቀደመ ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ ከኢጣልያ ሆስፒታሎች የሚመጣውን ወሬ ሲሰማ ሰንብቷል፤ ስለ ራሱና ስለ ሽማግሌዎቹም ፈርቷል። ያዘዘው ከፖሊስ አስቀድሞ ይህ ፍርሃትና ለሌላው ማሰብ ነበር።

ሕጉ በወጣ ጊዜ ደግሞ ከንግግሩ ጠበብ ያለ ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዝ ደንብ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት መውጣትን ሲከለክል፣ ሰውነትን ለማፍታታት መውጣትን ከበቂ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል፤ «በቀን አንድ ጊዜ» የሚል ቃል ግን በውስጡ አልነበረም። ስለ ሰዓቱ ርዝመትም ሆነ ስለ ቦታው ርቀት የተጻፈ ነገር የለም። በአንጻሩ የዌልስ ደንብ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወጣ በግልጽ ወስኗል። ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ ማርች 29 ሲጠየቁ፣ ለብዙው ሰው እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ የእግር መንገድ ወይም የ30 ደቂቃ ሩጫ ተገቢ እንደሚመስላቸው ተናገሩ። ይህ የአንድ ሹም አስተያየት እንጂ ሕግ አልነበረም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እንደ ሕግ ያዘው። እንግዲህ ሕዝቡ ከሕጉ ያለፈውን ጭምር እየፈጸመ፣ ሕጉ የማይጠይቀውን ይታዘዝ ነበር።

ይህን ታዛዥነት በምን እንለካዋለን? ያሉን መለኪያዎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የመጓጓዣ ቍጥር፣ ሰዎች በመጠይቅ ስለ ራሳቸው የሰጡት ቃልና የፖሊስ መዝገብ ናቸው። ሦስቱም ጕድለት አላቸው። የመጓጓዣ ቍጥር በሰፈሩ መንገድ በቀን ሦስት ጊዜ የሚሮጠውን አያሳይም። ተጠያቂም ስለ ራሱ ሲናገር ጥሩውን ማጕላት ልማዱ ነው። የፖሊስ መዝገብ ደግሞ ከጥፋቱ ይልቅ የፖሊሱን ትጋት ሊያሳይ ይችላል። ቢሆንም ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛው ሕዝብ ታዛዥ እንደ ነበረ በአንድ ቃል ይመሰክራሉ።

ግጭቱ የጀመረው በሕጉና በምክሩ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። በማርች መጨረሻ የደርቢሽር ፖሊስ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ ስፍራ የሚንሸራሸሩትን ሰዎች በሰው አልባ በራሪ መሣሪያ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ ጕዟቸው አስፈላጊ እንዳልሆነ ለሕዝብ አሳየ። በቡክስተን ከተማ አጠገብ የሚገኘውንም ሰማያዊ ኩሬ፣ ሰው ለማየት እንዳይሰበሰብበት፣ ጥቍር ቀለም ጨመረበት። ሰዎቹ ከሌላው ርቀው በገላጣ ሜዳ ይሄዱ ነበርና፣ ብዙ ተመልካች ይህ በሽታን ለመከላከል ምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሎርድ ሰምፕሽን ማርች 30 በሬዲዮ ቀርበው፣ ፖሊስ ማስፈጸም የሚገባው ሕግን እንጂ የሚኒስትሮችን ምኞት አይደለም በማለት ወቀሱ። በኤፕሪል አጋማሽ ለፖሊሶች የወጣው መምሪያም ነገሩን አቃና፤ ለመንሸራሸር በመኪና ወደ ገጠር መሄድ፣ የእግሩ ጊዜ ከመኪናው ጊዜ እጅግ የሚበልጥ ከሆነ፣ በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አስረዳ።

ሁለተኛው ችግር ሸክሙ ለሁሉ እኩል አለመሆኑ ነበር። የአገሩ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በሜይ 2020 እንዳስታወቀው፣ በታላቋ ብሪታንያ ከ8 ቤተ ሰብ አንዱ የግቢ አትክልት ቦታ የለውም፤ በለንደን ደግሞ ከ5 አንዱ እንዲሁ ነው። አትክልት ቦታ ላለው ሰው በቀን አንድ ጊዜ መውጣት ቀላል ትእዛዝ ነው። በፎቅ ላይ በአንድ ክፍል ከልጆቹ ጋር ለሚኖረው ግን የሕዝብ መናፈሻው ግቢውም ሜዳውም ነው። ኤፕሪል 4 ቀን ፀሓይ በወጣችበት ቅዳሜ፣ በደቡብ ለንደን ባለው ብሮክዌል መናፈሻ ከ3 ሺ በላይ ሰው መግባቱን የላምቤዝ ማዘጋጃ ቤት አስታወቀና በማግስቱ መናፈሻውን ዘጋ። በዚያው ቀን የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ፣ ሕዝቡ ካልታዘዘ ከቤት ውጭ ሰውነት ማፍታታት ጭራሹን ሊከለከል እንደሚችል አስጠነቀቁ። መናፈሻው በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ተከፈተ፤ የተባለውም ክልከላ አልመጣም። ከዚህ የምንማረው፣ አለመታዘዝ መስሎ የሚታየው ነገር አንዳንድ ጊዜ የቦታ እጦት መሆኑን ነው።

አሁን ከባሕሩ ማዶ ያለውን እንመልከት። በፈረንሳይ ከማርች 17 ጀምሮ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚወጣበትን ምክንያት የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት መያዝ ግዴታው ሆነ። ሰውነትን ለማፍታታት የሚወጣውም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሰዓት ሳያልፍ፣ ከቤቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሳይርቅ እንዲሆን ተወሰነ። የፓሪስ ከተማ ከኤፕሪል 8 ጀምሮ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ሶምሶማ መሮጥን ከለከለች። እስፓንያ ከሁሉ ጠበቀች፤ ከማርች 14 እስከ ሜይ 2 ድረስ ውሻውን ለማንሸራሸር የሚወጣ ሰው ሲፈቀድለት፣ ራሱን ለማፍታታት የሚወጣው አልተፈቀደለትም። የቅጣቱም ቍጥር እንደ ሕጉ ጥብቀት ይለያያል። በፈረንሳይ እስከ ሜይ 11 ድረስ 20.7 ሚሊዮን ቍጥጥርና 1.1 ሚሊዮን ቅጣት ሲመዘገብ፣ በእስፓንያም ለቅጣት የቀረበው ክስ ከ1 ሚሊዮን አለፈ። በእንግሊዝና በዌልስ ግን እስከ ሜይ 25 የተቀጣው 17 ሺ ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ፈረንሳዊው ዐመፀኛ፣ እንግሊዛዊው ጨዋ ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። የእንግሊዝ ፖሊስ አስቀድሞ እንዲያነጋግር፣ እንዲያስረዳና እንዲመክር፣ ቅጣቱን ወደ መጨረሻ እንዲያደርግ ታዝዞ ነበር፤ የፈረንሳዩ ግን ወረቀት እየጠየቀ ይቈጣጠር ነበር። ቅጣት የሚበዛው ቍጥጥር በሚበዛበት ነው። ልንል የምንችለው ይህን ያህል ነው፤ ይኸውም ወረቀትና ሰዓት ያልጠየቀው የእንግሊዝ ሕግ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛውን ሕዝብ በቤቱ ለማቈየት አላነሰም። የእስፓንያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በጁላይ 2021፣ ስድስት ዳኞች በአምስት በልጠው፣ ሕዝቡን በቤት የዘጋው የአዋጁ ክፍል ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ፈረደ።

ታዛዥነቱን ክፉኛ የጐዳው ግን ከታች የመጣ አልነበረም። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እንደሚባለው ሆነ። የስኮትላንድ ዋና የሕክምና ሹም የነበሩት ካትሪን ኮልደርውድ፣ ሕዝቡ በቤቱ እንዲቈይ እየመከሩ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ወደ ሁለተኛ ቤታቸው መሄዳቸው ስለ ታወቀ፣ ኤፕሪል 5 ከሥራቸው ለቀቁ። በሜይ 22 ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና አማካሪ ዶሚኒክ ከሚንግስ በገደቡ ጊዜ ከለንደን ወደ ደርሃም መሄዳቸው በጋዜጣ ወጣ። እሳቸው ለልጃቸው ማሰባቸውን፣ ወደ ባርናርድ ካስል የነዱትም ዐይናቸው ለመንዳት መድረሱን ለመፈተን መሆኑን አስረዱ፤ ሥራቸውንም አልለቀቁም። የደርሃም ፖሊስ ወደ ደርሃም መሄዳቸውን እንደ ጥፋት አልቈጠረውም፤ ሁለተኛው ጕዞ ግን ትንሽ የደንብ መተላለፍ ሊሆን ይችላል አለ። በኦገስት 2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው፣ ከ40 ሺ በላይ ሰዎች የሰጡትን መልስ የመረመረው ጥናት እንዳሳየው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንግሊዝ ሕዝቡ በመንግሥቱ ላይ ያለው እምነት ወረደ፤ የስኮትላንድና የዌልስ ሕዝብ በየራሱ መንግሥት ላይ ያለው እምነት ግን እንዲህ አልሆነም። ወረርሽኙ አንድ፣ ጊዜውም አንድ ስለ ሆነ፣ ልዩነቱን ያመጣው ድካም ብቻ ነው ለማለት አይቻልም።

በጃንዋሪ 2021 ሦስተኛው ገደብ ሲመጣ ያው አሮጌ ግራ መጋባት ተመለሰ። ምክሩ በአካባቢ ብቻ መንሸራሸርን ያዛል፤ ሕጉ ግን አካባቢ ማለት ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ አይናገርም። በደርቢሽር ሁለት ሴቶች 5 ማይል ያህል ነድተው፣ ቡና ይዘው በውኃ ማጠራቀሚያ አጠገብ ሲሄዱ እያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ ተቀጡ፤ ቅጣቱ በኋላ ተሰረዘ፤ ፖሊስም ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከመኖሪያቸው 7 ማይል ያህል ርቆ በሚገኘው የኦሊምፒክ መናፈሻ በብስክሌት ሲሄዱ ታዩ። ሕግ አልጣሱም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ሁለቱን ወሬ ጐን ለጐን አነበበ።

እንግዲህ ከላይ ከተመለከትነው ምን እንደመድማለን? ቅጣት ከንቱ ነው አንልም፤ ለጥቂቶች ያስፈልጋል፤ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የተባለው ለእነርሱ ነው። አብዛኛውን ሕዝብ የያዘው ግን ቅጣቱ አልነበረም፤ የትእዛዙን ጥቅም ማመኑና ሸክሙን ሁሉም ይሸከመዋል ብሎ መተማመኑ ነበር። ይህን እምነት ሦስት ነገሮች ሲሸረሽሩት አይተናል። እነርሱም ምክርን ሕግ አስመስሎ ማስፈጸም፣ ሰፊ ግቢ ያለውንና የሌለውን በአንድ ሚዛን መመዘን፣ አዛዡም ለራሱ ሌላ ትርጕም ማበጀቱ ናቸው። እምነቱ ሲሸረሸር የሚቀረው ከአንገት በላይ የሆነ ታዛዥነት ነው፤ ይህም ፖሊሱ ጀርባውን ሲያዞር ያበቃል።

አገራችን በኤፕሪል 2020 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስታውጅ መላውን ሕዝብ በየቤቱ እንዲዘጋ አላዘዘችም፤ ስለዚህ የመንሸራሸር ገደብ በእኛ ዘንድ በዚያ መልክ አልተፈተነም። ይሁን እንጂ ወረርሽኝ ዳግመኛ እንደሚመጣ ታሪክ ያስተምራል። በዚያን ጊዜ ደንብ ከሚጽፉት ሰዎች መካከል ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩ ይኖሩ ይሆናል። ሕዝብ በመንግሥቱ ላይ ያለው እምነት ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ስንቅ ነው፤ በደኅናው ጊዜ ካልተሰነቀ በመከራው ቀን ከየትም አይገኝም። የእንግሊዝ ሕዝብ በማርች 2020 ሕጉ ሳይወጣ የታዘዘው ይህ ስንቅ ስለ ነበረው ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ያህሉ ተርፎ እንደሚገኝ የሚወሰነው ግን በገዥዎቹ ጠባይ ነው።