ከፊንፊኔ ሚሲዮን እስከ ሊቀ ጳጳሳት መንበር፦ የአዲስ አበባ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት አመሠራረትና ዕድገት

ላፍቶ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ነው። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት አብዛኛው የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበረው ይህ አካባቢ ዛሬ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ ለመጡ ቤተሰቦች መኖሪያ ሆኗል። ከዓዲግራት የመጣው ካቶሊካዊ የግዕዝን ቅዳሴ እየሰማ ያደገ ነው፤ ከወላይታ ወይም ከከምባታ የመጣው ደግሞ የለመደው የላቲኑን ሥርዐት ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ ጐረቤታሞች ሲሆኑ የሚጠብቃቸው ሊቀ ጳጳስ ግን አንድ ነው፤ እርሱም የግዕዝ ሥርዐት ሊቀ ጳጳስ ነው። ለዚህ ያበቃው ከመቶ ሰማንያ ዓመታት በላይ ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ስብከት የኢትዮጵያን ቋንቋ፣ ዜማና ክህነት ገንዘቡ አድርጎ የአገር ተወላጅ ሊሆን ይችላልን? የአዲስ አበባ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጠው መልስ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የቀድሞው ቍስል

ጥያቄውን ያከበደው የዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ትዝታ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መምህራን ስብከት ተስበው በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። በ1625 ወደ አገር የገቡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስም ቅዳሴው፣ ጥምቀቱ፣ ጾሙና በዓሉ እንደ ላቲኑ ልማድ እንዲለወጥ አጥብቀው ያዙ። ከዚህ የተነሣ ሕዝቡ ታወከ፤ ወገን ከወገኑ ተፋጀ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ በ1632 የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የካቶሊክ ስም በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ከደም መፋሰስ ጋር ተያይዞ ሲነሣ ኖረ። ኋላ ለሚመጣ ሰባኪ የቀረለት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ሥርዐቱን የነካ ሕዝቡን ነካ።

ሁለት ሰባክያን፣ ሁለት መንገዶች

ይህን ትምህርት በሚገባ የተገነዘቡት ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ጁስቲኖ ዴ ያቆቢስ ናቸው። በ1839 በምጽዋ በኩል ገብተው በዓድዋ ተቀመጡ። የአገሩን ቋንቋ አጠኑ፤ እንደ አገሩ መነኵሴ ለበሱ፤ ምእመናኑም የግዕዙን ሥርዐት እንዲይዙ ፈቀዱ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ አቡን ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር አብረው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ አንዱ በጎጃም የተወለዱት ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኚህ መነኵሴ ከብዙ ክርክርና ምርምር በኋላ በ1844 ካቶሊካዊ ሆኑ፤ በ1851 ከዴ ያቆቢስ እጅ ቅስና ተቀበሉ። ኋላም ስለ እምነታቸው ታስረው በሰንሰለት እንደ ተጠፈሩ በ1855 ዐረፉ። ዴ ያቆቢስ በ1849 በምጽዋ የጵጵስና ማዕርግ ተቀብለው «አቡነ ያዕቆብ» ተብለው ሲጠሩ ቈይተው በ1860 አረፉ። ሮማ አባ ገብረ ሚካኤልን በ1926 ብፁዕ፣ አቡነ ያዕቆብን በ1975 ቅዱስ ስትል ሰይማቸዋለች።

ዴ ያቆቢስን በምጽዋ የቀቡት ሌላው ጣሊያናዊ የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ ጉሊየልሞ ማሳያ ናቸው። ማሳያ በ1846 ለኦሮሞ አገር የተቋቋመው ሐዋርያዊ ቪካርያት፣ ማለትም በጳጳስ የሚመራ የሚሲዮን ክፍል፣ ኀላፊ ሆነው ተሾሙ። በ1852 ጉድሩ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘለቁ። የክርስትና ሥርዐት ባልተተከለበት አገር ይሰብኩ ስለ ነበር በአመዛኙ የላቲኑን ሥርዐት ተከተሉ። ሕዝቡ ግን ይበልጥ የወደዳቸው በፈንጣጣ ክትባታቸው ነበር። በ1868 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አክብረው ተቀበሏቸው፤ በፊንፊኔም ለሚሲዮናቸው ስፍራ ሰጧቸው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሚሲዮን ከአዲስ አበባ ከተማ ወደ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ይቀድማል። ይሁን እንጂ በ1879 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ማሳያ ከአገር እንዲወጡ አዘዙ፤ ተከሉም ሳይደላደል ቀረ። ማሳያ በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ የሠላሳ አምስት ዓመት የሚሲዮን ዘመናቸውን በዐሥራ ሁለት ቅጽ ጽፈው ትተዋል።

ከሁለቱ ሰዎች ሁለት መንገዶች ተወለዱ። በሰሜን የግዕዙ ሥርዐት፣ በደቡብ የላቲኑ ሥርዐት ሥር ሰደደ። አዲስ አበባ በመካከል እንደ መቈረቈሯ ወደየትኛው እንደምትሆን ገና አልታወቀም ነበር። የማሳያ ተተኪዎች በሐረር ተጠናከሩ። ከእነርሱም አንዱ ፈረንሳዊው ጳጳስ አንድሬ ዣሮሶ፣ በአገሬው አጠራር አባ እንድርያስ፣ የወጣቱ የተፈሪ መኰንን መምህር በመሆን ይታወቃሉ።

የወረራው ዘመን

የአገር ተወላጅ ካህናትን ለማፍራት የሚደረገው ጥረት በዚያው ዘመን በሮማም ቀጥሎ ነበር። ከዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ነጋድያን ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት በ1919 የኢትዮጵያ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1930 አቡነ ኪዳነ ማርያም ካሣ በግዕዝ ሥርዐት ለሚኖሩት ካቶሊካውያን ጳጳስ ሆነው ተቀቡ። መንበራቸው ግን በጣሊያን ቅኝ ግዛት በአሥመራ ነበር፤ አዲስ አበባ ገና የራሷ ጳጳስ አልነበራትም።

ለአዲስ አበባ የመጣው መንበር የመጣው በክፉ ቀን ነው። በየካቲት 1937 የፋሺስት ወታደሮች የከተማውን ሕዝብ ለሦስት ቀናት ጨፈጨፉ። ወር ከጥቂት ቀናት እንዳለፈ፣ በመጋቢት 25 ቀን 1937፣ የአዲስ አበባ ሐዋርያዊ ቪካርያት ተቋቋመ፤ ካስቴላኒ የተባሉ ጣሊያናዊ ሊቀ ጳጳስም ተሾሙበት። ጣሊያናውያን ያልሆኑ ሚሲዮናውያን እንዲወጡ ተደረገ፤ አረጋዊው አባ እንድርያስም ከብዙ ዓመታት አገልግሎት በኋላ ሐረርን ለቀው ሄዱ። በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በተረሸኑበት በዚያ ዓመት መስቀል የያዘ ጣሊያናዊ ለኢትዮጵያዊው ዐይን ጠመንጃ ከያዘው ተለይቶ ሊታይ አልቻለም። ሥርዐቱ ላቲን፣ ጳጳሱ ጣሊያናዊ፣ ጠባቂው ወራሪ ነበርና መንበሩ ከወራሪው ጋር አብሮ መውደቁ አልቀረም። ከ1941 ነጻነት በኋላ ጣሊያናውያኑ ሚሲዮናውያን ወጡ፤ የሱስንዮስ ዘመን ቍስልም እንደገና አመረቀዘ።

አዲሱ መልስ

ንጉሠ ነገሥቱ ከነጻነት በኋላ የሚሲዮንን ጉዳይ በሕግ ወሰኑ። በ1944 የወጣው ዐዋጅ አገሪቱን በሁለት ከፈለ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚበዙበት ክፍል የውጭ ሚሲዮን ስብከት ተከለከለ፤ በሌላው ክፍል ተፈቀደ። የሚሲዮኖች የማስተማሪያ ቋንቋም በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የላቲኑ ሥርዐት በደቡብ ለመስፋፋቱ ይህ ዐዋጅ አንዱ ምክንያት ነው። ዛሬም አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን በደቡብ በላቲን ቪካርያቶች ውስጥ ይኖራሉ።

ለዋና ከተማዪቱ ግን ሮማ የተለየ መልስ ሰጠች። በ1951 በላቲኑ ቪካርያት ምትክ የግዕዝ ሥርዐት ሀገረ ስብከት በኤክሳርካት ደረጃ ተተከለ፤ ኢትዮጵያዊው አቡነ ኃይለ ማርያም ካህሳይም ተሾሙበት። በ1961 መንበሩ ወደ ሊቀ ጳጳሳት መንበርነት ከፍ አለ፤ አሥመራና ዓዲግራት ተጠሪዎቹ ሆኑ። የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳሳት ብፁዕ አቡነ አሥራተ ማርያም ይምሩ ነበሩ። እርሳቸውና ሌሎቹ የአገሪቱ ጳጳሳት በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (ከ1962 እስከ 1965) ተካፋይ ሆኑ፤ በዚያም ጉባኤ የግዕዙ ቅዳሴ ከነከበሮው በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ተሰማ። በሱስንዮስ ዘመን የተጣለው ሥርዐት በሮማ ዐደባባይ ሲከበር ያየ ሰው ጥያቄው ምን ያህል ርቀት እንደ ተጓዘ መገመት አያዳግተውም።

በትምህርት መስክም ተመሳሳይ ለውጥ ታየ። በፋሲለደስ ዘመን የተባረረው የኢየሱሳውያን ማኅበር በ1945 በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ ተመልሶ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ማስተማር ጀመረ። ካናዳዊው አባል ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እነዚህ መምህራን ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው፣ የመነኵሴ ልብሳቸውን አውልቀው በተራ ልብስ አስተማሩ። ያለ ስብከት ያደረጉት አገልግሎት ቀደምቶቻቸው በስብከት ያጡትን አመኔታ መለሰላቸው።

አብዮትና ረኀብ

በ1977 መንበሩን የያዙት አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ የሕግ ሊቅ ነበሩ። የኢትዮጵያ ነገሥታትና ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የዳኙበትን ፍትሐ ነገሥት ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ1968 አሳትመዋል፤ ትርጕሙ እስከ ዛሬ የሕግ ታሪክ ተመራማሪዎች መሣሪያ ነው። አንድ ካቶሊካዊ ካህን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንን የሕግ መጽሐፍ ለዓለም ማስተዋወቁ ክርክሩ የት እንደ ደረሰ ይመሰክራል። በ1985 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆኑ።

ዘመናቸው ግን የአብዮት ዘመን ነበር። በ1975 መሬትና ትርፍ ቤት፣ ከዚያም የግል ትምህርት ቤቶች በመንግሥት እጅ ገቡ፤ ካህናትም ታሰሩ። በ1984 እና በ1985 ታላቁ ረኀብ ሲመታ የካቶሊክ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት በርዳታ ሥራ ተቀናጁ። በትምህርተ ሃይማኖት ለዘመናት ያልተስማሙት ወገኖች በእህል ማጓጓዝ ተስማሙ።

የዛሬው መንበር

በ1999 የተሾሙት አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል በደርግ ዘመን ለሰባት ወራት ታስረው የነበሩ ናቸው። የተረከቡት መንበር ከባድ ነበር። ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ብትሆንም የካቶሊክ ጳጳሶቿ አሁንም የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳሳት ተጠሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ከ1998 እስከ 2000 ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ አንዱ መንበር ልጆቹን በሁለቱም ምሽግ ውስጥ አየ። ነገሩ እልባት ያገኘው በ2015 ነው፤ ኤርትራ በአሥመራ የሚመራ የራሷን የሜትሮፖሊታን ቤተ ክርስቲያን አገኘች። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳሳት ካርዲናል ሆኑ፤ የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከትም ተቋቋመ። የእምድብሩ ቀድሞ በ2003 ከአዲስ አበባ ተከፍሎ ነበር። መንበሩ በስፋት ቢያንስም በሥራ አልቀለለም።

ይህ ሁሉ ሲታይ ፍርዱ ግልጽ ይመስላል። መንበሩ የውጭ ኀይል ጥላ ባጠላበት ጊዜ ሁሉ ወደቀ፤ የአገሩን ቋንቋና ክህነት በያዘ ጊዜ ጸና። ነገር ግን የ1951 መልስ የራሱን ዕዳ አስከትሏል። የግዕዙ ሥርዐት ለሰሜኑ ሰው የአባቱ ነው፤ በላቲኑ ሥርዐት ላደገው የወላይታ ወይም የከምባታ ልጅ ግን በገዛ አገሩ የሚማረው አዲስ ቋንቋ ሊሆንበት ይችላል። የአገር ተወላጅነት በአንድ ሥርዐት ብቻ ይመዘን ከተባለ ሌላው የአገር ልጅ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። አቡነ ያዕቆብ በዓድዋ የሰሜኑን ሰው በቋንቋው እንደ ተቀበሉት፣ በላፍቶ መንደሮችም የደቡቡን ሰው በለመደው ዜማ መቀበል የዚህ መንበር የሚቀጥለው ፈተና ነው።