«ለትርፍ ያልተቋቋመ» የሚለው አነጋገር ታሪካዊ ትርጉም

በአማርኛ «ማኅበር» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይይዛል። የጽዋ ማኅበር፣ የመምህራን ማኅበር፣ አክሲዮን ማኅበር፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ። የቃሉ መነሻ «ኀበረ»፣ ማለት ተባበረ፣ አንድ ሆነ የሚለው የግዕዝ ግስ ስለ ሆነ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ስማቸው አንድ የሆነ ማኅበራት የገንዘባቸው መድረሻ አንድ አይደለም። በክፍል ውስጥ ልዩነቱ ሲብራራ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ማለት ምንም የማያተርፍ ድርጅት ነው የሚል ፍቺ አዘውትሮ ይሰማል። ፍቺው ለማስታወስ ቢቀልም ትክክለኛ አይደለም፤ በዕቅድ ሥራም ላይ ጉዳት ያስከትላል።

ልዩነቱ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕግ ጎልቶ የተጻፈው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 404 ላይ፣ ማኅበር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመከፋፈል ለተለየ ዓላማ የሚያቋቁሙት ኅብረት መሆኑን ደነገገ። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ በበኩሉ፣ የንግድ ማኅበር አባሎች መዋጮ የሚያዋጡት የትርፍና የኪሣራ ተካፋይ ለመሆን እንደ ሆነ አመለከተ። የንግድ ሕጉ ይህ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም፣ በሁለቱ የማኅበር ዓይነቶች መካከል የተሰመረው ድንበር አልፈረሰም። ድንበሩም ትርፍ የመቋቋሚያ ዓላማና የአባሎች ድርሻ መሆን አለመሆኑ ነው። በሣጥን ውስጥ ገንዘብ መትረፉ ብቻውን ማኅበሩን ነጋዴ አያደርገውም።

ይህ አስተሳሰብ ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አይደለም። ከከተሞች ማደግ ጋር የተስፋፋው ዕድር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዕድሩ አባል በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአባሎች ይመረጣሉ። ኀዘን በማይበዛበት ዓመት ገንዘብ ይጠራቀማል። ድንኳኑንና ወንበሩን አባል ላልሆነ ሰው በማከራየት ገቢ የሚያገኝ ዕድርም አለ። ዕድሩ አተረፈ ማለት ነው፤ ነገር ግን የተረፈው ገንዘብ ለሳሕን፣ ለድስትና ለአዲስ ድንኳን መግዣ ይውላል እንጂ በዓመቱ መጨረሻ እንደ ነጋዴ ትርፍ አይታደልም። ኀዘን የደረሰበት ቤተሰብ ከከፈለው በላይ ቢቀበልም፣ የተቀበለው የትርፍ ድርሻ ሳይሆን ዕድሩ የተቋቋመለትን ርዳታ ነው።

ዕቁብ ከዚህ ይለያል። በተለመደው ዕቁብ እያንዳንዱ አባል የጣለውን ያህል በዕጣ ተራው ይወስዳል። በሣጥኑ የሚቀር ትርፍ ባይኖርም፣ ገንዘቡ ተመልሶ የሚገባው በአባሉ የግል ኪስ ነው። ስለዚህ የትርፍ አለመኖር ብቻውን መለያ እንዳልሆነ ከዕቁብ መረዳት ይቻላል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ በመካከል ይገኛል። አባሎቹ ለመረዳዳት ቢሰባሰቡም፣ ከትርፉ ከፊሉ ለመጠባበቂያ ከተያዘ በኋላ ቀሪው ለእነርሱ ይከፋፈላል።

ከዚያ በኋላ የወጡት አዋጆች ያተኮሩት ገንዘቡ ከዓላማው እንዳይወጣ በመጠበቅ ላይ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው 30 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ዕድርንና ዕቁብን ግን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አደረገ። እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። ይኸው አዋጅ ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ ሲፈቅድ፣ ገቢው ለአባሎችና ለሠራተኞች የግል ጥቅም እንዳይተላለፍ ከለከለ። የሁለቱም አዋጆች ሥጋት ግልጽ ነው፤ ትርፍ በትርፍ ስም ባይከፋፈልም በተጋነነ ደመወዝ፣ በአበልና በጉዞ ወጪ ስም ሊከፋፈል ይችላል።

ይህ ታሪክ ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው ተግባራዊ ትምህርት ይሰጣል። በአንድ ከተማ ውስጥ ክፍያ የሚያስከፍሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ይኖራሉ እንበል። የአንደኛው ቀሪ ሒሳብ ለባለ ድርሻዎቹ ይከፈላል፤ የሁለተኛው ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ ሙከራ ይውላል። ከደጅ የሚያያቸው ወላጅ ልዩነታቸውን አያውቅም፤ ልዩነቱ የሚገኘው በመተዳደሪያ ደንባቸውና በሒሳብ መዝገባቸው ነው። በሌላ በኩል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሳንቲም ማስቀረት የለበትም ብሎ የሚያምን ዕቅድ አውጪ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ወይም ርዳታ ሲቋረጥ የሚደርስለት መጠባበቂያ እንዳይኖረው ያደርጋል። የጉዳቱ ተሸካሚ ተማሪው ይሆናል።

ስለዚህ በክፍል ውስጥም ሆነ በዕቅድ ጠረጴዛ ላይ ስለ አንድ ድርጅት ሲጠና፣ አተረፈ ወይስ አላተረፈም ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ድርጅቱ ለምን ዓላማ ተቋቋመ? የተረፈው ገንዘብ ወዴት ሄደ? ድርጅቱ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን ይተላለፋል? ተማሪዎች እነዚህን ጥያቄዎች በሰፈራቸው ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ላይ ቢሞክሯቸው፣ የቃሉን ትርጉም በቃል ከማጥናት ይልቅ በሥራ ላይ ሊያዩት ይችላሉ።