ቅንጬ፦ የራያን ማሳ የወረረው አረም
በቆቦ ገበሬው «ቅንጬ» የሚለው አረም ሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ነው። ስሙ ከምንበላው ቅንጬ ጋር ቢመሳሰልም ለሰውም ለከብትም አይበጅም፤ ቆዳ ያሳክካል፣ የበላችው ላም ወተት ይመራል። መነሻው የአሜሪካ ሞቃታማ አካባቢ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከእርዳታ እህል ጋር እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። አንዷ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ልታፈራ ትችላለች። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፣ አረሙ ካልተነቀለ የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማሽላ ለራያ ገበሬ ዋና ቀለቡ ነው።
እኔን የሚያሳስበኝ ማሳው ታርሞ መንገድ ዳሩና ግጦሹ መተዉ ነው። ዘሩ በጎርፍና በተሽከርካሪ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሳያብብ፣ ጓንት አድርጎ፣ በጋራ መንቀል ይገባል።