ኬላ ላይ መንጃ ፈቃድ መጠየቅ የኬንያን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ወይ?

ከካኩማ ወደ ኪታሌ ወይም ከዳዳብ ወደ ጋሪሳ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማታቱው ኬላ ላይ ይቆማል፣ ፖሊሱ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ ያያል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው ያዞራል። «ይሄ ሕግ ነው ወይስ ጉልበት?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ሕጉ የሚለውን እስቲ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አካላችሁ፣ ቤታችሁና ንብረታችሁ እንዳይፈተሽ፣ ዕቃችሁ እንዳይወሰድ፣ ስለ ቤተሰባችሁና ስለ ግል ጉዳያችሁ ያለ አስፈላጊነቱ እንዳትጠየቁ፣ የምትጻጻፉትና የምትነጋገሩት እንዳይደፈር ይላል። መብቱን የሰጠው «ለማንኛውም ሰው» ነው፤ «ለማንኛውም ዜጋ» አላለም። ይቺን ቃል ያዟት፣ ስደተኛውም በውስጧ አለ።

ታዲያ መብቱ ገደብ የለውም ማለት አይደለም። አንቀጽ 24 በሕግ የተደነገገና ምክንያታዊ የሆነ ገደብን ይፈቅዳል። የትራፊክ ሕጉ ደግሞ መኪና የሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃዱን እንዲይዝና ፖሊስ ሲጠይቀው እንዲያሳይ ያስገድዳል። በ2011 የወጣው የፖሊስ አገልግሎት ሕግም ጸጥታ ለማስከበርና ወንጀል ለመከላከል ኬላ ማቆምን ይፈቅዳል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሾፌሩን «መንጃ ፈቃድ አሳይ» ማለት ብቻውን ጥሰት አይደለም። ሰውየው መሪ የጨበጠው መንግሥት ፈቅዶለት ነው፤ ወረቀቷም ስለ ኑሮው ብዙ አትናገርም።

ነገሩ የሚከረው ከዚያ ወዲያ ነው። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ፖሊስ መኪና አስቁሞ እንዲፈትሽ ሥልጣን ሲሰጠው፣ የተሰረቀ ወይም በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ነገር አለበት ብሎ ለመጠርጠር ምክንያት ሊኖረው ይገባል ብሎ ነው። መንጃ ፈቃድ ለማየት የቆመ ኬላ ቦርሳ ለመበርበር ምክንያት አይሆንም። ስልክ ከፍቶ መልእክት ማንበብማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ የዚያንም ትጠይቁኛላችሁ። በ1979 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደላዌር በመጣ ጉዳይ 8 ለ 1 እንዲህ ወሰነ፦ ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ አንዱን መኪና በዘፈቀደ መርጦ መንጃ ፈቃድ ለማየት ማስቆሙ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል። የሚያልፈውን ሁሉ የሚጠይቅ ኬላን ግን እንደ አማራጭ ክፍት ተወው። በ2000 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ አደንዛዥ ዕፅ ለመፈለግ ያቆመችውን ኬላ 6 ለ 3 ውድቅ አደረገ፤ ዋና ዓላማው የመንገድ ደኅንነት ሳይሆን ተራ የወንጀል አደን ነው ብሎ። ይህ የኬንያን ዳኛ አያስገድድም። ጥያቄው ግን እዚህም ይሠራል፤ ኬላው የቆመው ለምንድን ነው? ሁሉን ነው የሚጠይቀው ወይስ መልክ እያየ ይመርጣል? በዘር፣ በቀለም፣ በቋንቋ፣ በአለባበስ ማበላለጥን አንቀጽ 27 ይከለክላል።

አሁን ወደ ራሳችን። የመንጃ ፈቃድ ፍተሻ ተሳፋሪን አይመለከትም። እናንተን የሚይዛችሁ የስደተኛ መታወቂያና ከካምፕ የወጣችሁበት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ነው። አንቀጽ 31ን እየጠቀሱ ያለ ፈቃድ ለማለፍ መሞከርን አልመክርም፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ያምራል እንጂ ፀሐይ ላይ አያዋጣም። ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ከመሳፈራችሁ በፊት እዩት።

ከተያዛችሁ አንቀጽ 49 አለ። የተያዛችሁበት ምክንያት በሚገባችሁ ቋንቋ ወዲያው ሊነገራችሁ ይገባል። ዝም የማለትና ጠበቃ የማነጋገር መብት አላችሁ። በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ። 24 ሰዓቱ የሚያልቀው ፍርድ ቤት በማይሠራበት ጊዜ ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል፤ ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው ሰኞን የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

«ኪቱ ኪዶጎ» የተጠየቀ ወይም ያለ ምክንያት የተበረበረ ሰው፣ ፖሊስን የሚቆጣጠረው ገለልተኛ ባለሥልጣን፣ አይፖአ የሚሉት፣ ቅሬታ ይቀበላል። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የማታቱውን ታርጋ፣ ከቻላችሁም የፖሊሱን መለያ ቁጥር እዚያው ሳይሆን ኬላውን ካለፋችሁ በኋላ ጻፉት።