«የማን ልጅ ነህ?»

ውድ ወጣቶች፣ በትንሽ ከተማ ያደጋችሁ ይህን ጥያቄ በደንብ ታውቁታላችሁ። ዳቦ ልትገዙ ስትወጡ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት መንገድ ላይ ያስቆሟችኋል። ከእግር እስከ ራስ ያዩአችሁና «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። የአባታችሁን ስም ስትነግሯቸው ፊታቸው ይፈካል። «ውይ! የእሱ ልጅ ነህ? አንተ ስትወለድ ገንፎውን ያገነፋሁት እኮ እኔ ነኝ!» ከዚያ በኋላ ዳቦው ይቀዘቅዛል እንጂ ጨዋታው አያልቅም።

እኔም ያደግሁት በትንሽ ከተማ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ይህ ጥያቄ ያንገፈግፈኝ ነበር። ፈተና ብወድቅ ከቤት ሳልደርስ እናቴ ትሰማለች። ከማን ጋር እንደቆምኩ ማታውኑ ይወራል። ስለዚህ ማንም የማያውቀኝ ቦታ መኖርን ተመኘሁ። አዲስ አበባ ኮሌጅ ስገባ ምኞቴ ተሳካ። አንድ ጊዜ ታምሜ በኪራይ ክፍሌ ሦስት ቀን ስተኛ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። የእኚያ እናት ጥያቄ የናፈቀኝ ያን ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ይህ መተዋወቅ ከየት መጣ? ብዙዎቻችን የትንሽ ከተማ ሰው የሚተዋወቀው ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ብቻ ይመስለናል። በባቡር ሐዲዱ ዳር ያደጉት ከተሞቻችን ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል።

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱን ሐረር ማድረስ ነበር። ተራራው ስላስቸገረ ግን ሐረር ቀረችና ሐዲዱ በ1902 ከተራራው ግርጌ፣ ዛሬ ድሬዳዋ በምንላት ቦታ ደረሰ። ከዚያ በገንዘብ ችግር ሥራው ለዓመታት ቆመ። እንደገና ሲቀጥል የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ በ1915 አቃቂ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የእንፋሎት ባቡር ውኃ ይጠማዋል፤ መንገደኛውም ይርበዋል። ስለዚህ በየርቀቱ ጣቢያ ያስፈልግ ነበር። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ሞጆ የሚሉትን ስሞች ብዙ ሰው ያወቀው በእነዚህ ጣቢያዎች ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ጉዞው ሦስት ቀን ሲፈጅ፣ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው አሮጌው የባቡር ሆቴል የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

አሁን ልብ በሉ። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ የአፋር፣ የከረዩ፣ የኢቱና የኢሳ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን የሚያሰማሩበት አገር ነበር። በጣቢያው ዙሪያ የሰፈረው ሰው ግን ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። ሐዲድ ጠጋኙ ከአንድ አገር፣ ነጋዴው ከሌላ፣ ሻይ የምታፈላው ሴት ከሌላ። በመስመሩ ላይ የመናውያን፣ ግሪኮችና አርመኖችም ይሠሩና ይነግዱ ነበር። ብዙው ሰው አጎት አክስት የሌለው እንግዳ ነበር። «የማን ልጅ ነህ?» ቢባል መልሱን የሚያውቅለት ሰው አልነበረም።

ታዲያ እንግዳው ቢታመም ማን ያስታምመዋል? ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ዕድር ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆነ። ታሪክ አጥኚዎች የዕድርን መስፋፋት ከ20ኛው መቶ ዓመት የከተማ ኑሮ ጋር ያያይዙታል። ሰው ከዘመዱ ርቆ ከተማ ሲገባ፣ በወር ጥቂት ሳንቲም እያዋጣ ጎረቤቱን ዘመድ አደረገ። ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ስም የሟቹን የትውልድ አገር አይጠይቅም።

በትንሽ ከተማ የመኖር ደስታም ያደገው እዚህ ላይ ነው። የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ ሰው ወደ ጣቢያው ይወጣል። የሚሸጥ ያለው ይሸጣል፤ የሌለውም ማን እንደ መጣና ማን እንደሄደ ሊያይ ይወጣል። በገበያ ቀን አርብቶ አደሩ ቅቤና ወተት ይዞ ይመጣል፤ ነጋዴው ጨርቅና ስኳር ይዘረጋል። ልጆች የጎረቤትን ቋንቋ የሚለምዱት በጨዋታ ነው። ከዓመታት በኋላ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል መልስ ተገኘ፦ «የፍሬን ሠራተኛው ልጅ»፣ «የሻይ ቤቷ ልጅ»።

እነዚህ ከተሞች ሐሜትና ጠብ አያውቁም ነበር አልላችሁም። ያውቃሉ። ያው ጥያቄም ሁለት ፊት አለው። እኚያ እናት የሚጠይቁት ሊያስገቧችሁ ነው። በእኛ ዘመን ግን «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው አንዳንዴ «ዘርህ ምንድን ነው?» ለማለት ይጠየቃል፤ ያ ደግሞ በር ለመዝጋት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የጠያቂው ልብ ግን የተለያየ ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት ዕቃቸውን ጠቅልለው የሄዱ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን።

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ይመላለስ የነበረው አሮጌው ባቡር በ2008 ገደማ ቆመ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አብዛኞቹ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ መሐል ወጣ ያሉ ናቸው። የድሮውን ጣቢያ የሞላው ግርግር የለም። የዕድሩ ጡሩምባ ግን ዛሬም ይነፋል። ከተማውን የሠራው ባቡሩ ቢሆን ኖሮ ከባቡሩ ጋር ባለቀ ነበር።

ከእናንተ መካከል ለትምህርትና ለሥራ ወደ ትልቅ ከተማ የምትሄዱ ብዙዎች ናችሁ። ሂዱ፤ አትሂዱ አልልም። ነገር ግን መተዋወቅ ከትንሽ ከተማ አፈር የሚበቅል ሣር አይደለም፤ እንግዶች ያቆሙት ቤት ነው። እንግዶች ካቆሙት እናንተም በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ፣ በዶርም ውስጥ ልታቆሙት ትችላላችሁ። እዚያው የምትቀሩም አደራ አለባችሁ፤ የእኚያን እናት ጥያቄ የሚወርስ ሰው ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው የወጣቶች ኅብረታችሁ ከኋላ ወንበር ላይ ብቻውን የሚቀመጥ አዲስ ልጅ አይጠፋም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ቶሎ ይወጣል። ቀድማችሁት በሩ ላይ ጠብቁትና ስሙን ጠይቁት። የት እንደሚኖርም ጠይቁትና አንድ ቀን ቢቀር በሩን አንኳኩ።